ሮቢት፣ ጣና ዳር፦ ከክረምቱ በፊት ለ14 ከብት የትኛውን ክትባት ላስቀድም?

የሮቢቷ (ሚያዝያ 9)

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ሮቢት ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚወጣው መንገድ ወደ ሐይቁ ታጥፎ። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው፣ ከዚያ ወዲህ ከብቶቹን የምይዘው እኔ ነኝ። በድምሩ 14 ናቸው፦ ሁለት የእርሻ በሬ፣ ሦስት የፎገራ ላም፣ ሁለት የተዳቀሉ ጥገቶች፣ አንድ ወይፈን፣ ሁለት ጊደር፣ አራት ጥጃ። የተዳቀሉት ከቤት አይወጡም፤ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ነው የሚበሉት። ሌሎቹ ውሃው መሸሽ ከሚጀምርበት ከኅዳር እስከ ሰኔ ባሕር ሸሹ ላይ ከመንደሩ ከብት ጋር ተቀላቅለው ይውላሉ።

ወደዚህ ያመጣኝ ባለፈው ሐምሌ የደረሰብኝ ነው። ሻሽ የምንላት ጊደር ነበረችን፤ ግንባሯ ነጭ፣ የዓመት ከስምንት ወር ልጅ፣ ከሁሉም የወፈረችው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ማታ ከግጦሽ ስትመለስ በቀኝ የኋላ እግሯ ታነክሳለች። እሾህ ወግቷት ይሆናል ብዬ ሰኮናዋን አየሁ፣ ምንም የለም። ጠዋት ስነሳ ጭኗ አብጧል፤ በእጄ ስጫነው ከቆዳዋ ሥር እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተች። የአባቴ ጓደኛ የነበሩ ሽማግሌ አይተው «አባ ጎርባ ነው» አሉኝ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ከብቶቹ ግንቦት ላይ ተከትበው መሆናቸው ነው! ሻሽም ተሰልፋ ተወግታለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ምን ተከተበች ብትሉኝ ግን አላውቅም። የተጻፈ ነገር የለኝም፣ ያን ቀን «የዓመቱ ክትባት ነው» ከመባል በቀር የሰማሁትም የለም። በዚያው ቀን ደግሞ አንዱ በሬ ይስል ስለነበር መድኃኒት ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ሄጄ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ አስወግቼዋለሁ፤ ሰውየው «ለሌሎቹም ይጠቅማቸዋል» ብሎ አራቱን ጨምሮ ወጋ። ሻሽ ከአራቱ አንዷ ነበረች።

ዘንድሮ የቀበሌያችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዝርዝር ይዞ መጥቷል፦ አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባ፣ ጎሮርሳ፣ የቆዳ ጉርብርብ፣ አፍተግር፣ የሳንባ በሽታ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይገኝም፣ የምትፈልጉትን አስመዝግቡ ነው ያለን። የእኔም ገንዘብና ቀን የተቆጠረ ነው። እባካችሁ፣ የትኛው ይቅደም? በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ዓይነት መስጠት ይቻላል? ከፎገራዎቹ አንዷ የስምንት ወር እርጉዝ ናት፣ እሷስ? እናቴ ደግሞ «ክትባት ወተት ያደርቃል» ብላ የተዳቀሉትን አላስነካም ብላለች። ምን ልበላት?


ባለ አይስ ቦክሱ (ሚያዝያ 10)

ልጄ፣ የአባትሽን ነፍስ ይማር። እኔ 31 ዓመት በእንስሳት ጤና ረዳትነት ደራንና ፎገራን በእግርም በበቅሎም ዞሬባቸዋለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። «ምን ተከተበች ብትሉኝ አላውቅም» ያልሽው ላይ ስደርስ ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት። በሽታውን የሚያውቅ ገበሬ ሞልቷል፤ ከብቱ በየትኛው ዓመት ለየትኛው በሽታ እንደተወጋ የሚያውቅ ግን በ31 ዓመት ውስጥ ያገኘሁት በጣት የሚቆጠር ነው።

ስለ ሻሽ ልጀምር። የነገርሽኝ ምልክት አባ ጎርባ የሚያሰኝ ነው። ይህ በሽታ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለውን፣ ያውም የጠገበውን መርጦ ይይዛል። ጀርሙ አፈር ውስጥ ዓመታት ይኖራል። ከሣር ጋር ተውጦ ሥጋ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ከብቱ ሲገፈታተር፣ ሲወድቅ፣ ሥጋው ሲቀጠቀጥ ይነቃል። ስለዚህ በምግብም በአያያዝም ያጠፋሽው የለም፤ አታልቅሺበት።

ተከትባ ለምን ሞተች ለሚለው አንድ ነገር ልብ በይ። አባ ሰንጋና አባ ጎርባ ስማቸው ወንድማማች ስለሚመስል ብዙ ሰው አንዱ ሲሰጥ ሌላውም የተሸፈነ ይመስለዋል። ጀርማቸው የተለያየ ነው፣ ክትባታቸውም የተለያየ። አባ ሰንጋ ብቻ የተከተበች ጊደር ለአባ ጎርባ ራቁቷን ናት። ያ ሊሆን ይችላል። ወይም ክትባቱ ከቅዝቃዜ ወጥቶ ወይም በረዶ ሆኖ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ኦክሲቴትራሳይክሊኑ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። የአባ ሰንጋ ክትባት ሕይወት ያለው ነው፤ የተዳከመው ጀርም ሰውነት ውስጥ ገብቶ ትንሽ ተራብቶ ነው መከላከያ የሚያስገኘው። በዚያው ቀን አንቲባዮቲክ ስትወጊበት ክትባቱን ራሱን ገደልሽው ማለት ነው። የአባ ጎርባው ሙት ክትባት ስለሆነ በዚህ አይነካም። ሻሽን የገደላት መድኃኒቱ አይደለም፤ ያ በሬና ሌሎቹ ሦስቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ለአባ ሰንጋ ሳይጠበቁ ሳይከርሙ አልቀሩም። ከዚህ በኋላ ከክትባቱ በፊት አንድ ሳምንት፣ በኋላም አንድ ሳምንት ፔኒሲሊንም ኦክሲም እንዳታስወጊ። የሚያስል በሬ ካለሽ ለክትባት አታቅርቢው፤ ይታከም፣ ሲድን ይከተባል።

አሁን ወደ ምርጫው። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከብትህ እግሩን የሚያሳርፈው የት ነው?» ብዬ ነው። ያንቺ መልስ ባሕር ሸሽ ነው። ስለዚህ አንደኛ አባ ሰንጋ፣ ለሁሉም፣ በየዓመቱ። ጀርሙ ዘሩን አፈር ውስጥ ጥሎ አሥርተ ዓመታት ይቆያል። ጎርፍና የሐይቁ ውሃ ያንሳፍፉትና ውሃው ሲሸሽ ላዩ ላይ ይቀራል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሣሩ አልቆ ከብቱ ሥር እየነጨ አፈር ጭምር ሲውጥ ነው የሚያገኘው። ይህ ደግሞ ሰውም ይገድላል። ከብት ድንገት ሞቶ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም ከወጣ፣ ሬሳውም ካልደረቀ፣ በእግዚአብሔር ስም ቢላ አታስነኩት! ቆዳው ይትረፍ፣ ሥጋውን ለቅርጫ እንካፈል የሚል ይመጣል፤ እምቢ በሉ። ባለሙያ ጠርታችሁ ከጆሮው ጫፍ የደም ናሙና ይውሰድ፣ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ የእንስሳት ጤና ምርመራ ላቦራቶሪ ያየዋል። ሬሳውን በጥልቅ ጉድጓድ ከነቆዳው፣ ኖራ ነስንሳችሁ፣ ውሻና ጅብ በማያወጣው ሁኔታ ቅበሩት። የአባ ሰንጋ ክትባት የወሰደውንም ከብት ለስድስት ሳምንት ያህል አትረዱት።

ሁለተኛ አባ ጎርባ፦ ለወይፈኑ፣ ለጊደሮቹና ስድስት ወር ለሞላቸው ጥጆች። ለትልልቆቹ ገንዘብ ካጠረሽ ይለፋቸው።

ሦስተኛ ጎሮርሳ፦ በተለይ ለበሬዎቹ። ጀርሙ ጤነኛ በሚመስል ከብት ጉሮሮ ውስጥም ይኖራል። ሰኔ ላይ ዝናብ ሲመታው፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ ቀንበር ሲጫነው ይነሣበታል። ጉሮሮው ያብጣል፣ ትንፋሹ ይቆረጣል፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ሙት ክትባት ነው፤ ጉልበቱ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ነው፣ ስለዚህ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ይሰጥ።

አራተኛ የቆዳ ጉርብርብ፣ ላምፒ ስኪን የሚሉት። ይህን በሽታ የጣና ሰው ሊንቀው አይገባም። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እዚሁ ነው፣ ከሐይቁ ደቡብ ምዕራብ፣ እ.ኤ.አ. በ1983። የሚያዛምተው ነካሽ ዝንብና ትንኝ ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከነሐሴ ጀምሮ እስከ ኅዳር ይበረታል። ክትባቱ ሥራ እስኪጀምር ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚፈልግ ዝንቡ ሳይመጣ ነው መቅደም ያለብሽ። የተዳቀሉት ከቤት ባይወጡም ይህን ይከተቡ፤ ዝንብ አጥር አይከለክለውም።

የሳንባ በሽታውን ለአሁኑ ተዪው። ከትንፋሽ ወደ ትንፋሽ የሚሄድ ስለሆነ የሚያመጣብሽ ተገዝቶ የገባ ከብት ነው። ወረዳው አካባቢያችሁ አለ ካላለ፣ ከሩቅም ከብት ካልገዛሽ፣ ገንዘብሽን በሌላው አውጪ።

ሁለት ሦስት በአንድ ቀን ይቻላል ወይ ላልሽው፦ አባ ጎርባና ጎሮርሳ ሙት ስለሆኑ በአንድ ቀን፣ አንዱ በግራ አንገት ሌላው በቀኝ፣ እሰጥ ነበር። ሕይወት ያለውን የጉርብርብ ክትባት ግን ሁለት ሳምንት ለይቼ ነው የምሰጠው። ቢያብጥ ወይም ቢያተኩስ የየትኛው እንደሆነ እንዳውቅ ብዬ የያዝኩት ልማድ ነው። እርጉዟን ነገ እመለስባታለሁ፣ ዓይኔ ደከመ።


ወተት ቀበሌ 14 (ሚያዝያ 10)

ጋሼ ያሉትን በሙሉ ልቀበልና በአንዱ ልከራከር። አፍተግርን እንዴት ሳይጠሩት ያልፋሉ? እህቴ፣ እኔ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ስድስት የተዳቀሉ ላሞች አሉኝ። ከግቢዬ ወጥተው አያውቁም፤ የሐይቁን ሣር በአፋቸው አልነኩም። ቢሆንም ካቻምና አፍተግር ገባብኝ። በማን እግር እንደገባ የማውቀው አሁን ነው፦ ሁለት ግቢ የሚያልብ ሠራተኛ ነበረኝ፣ ያው ጫማ፣ ያው እጅ። በአራት ቀን ውስጥ ስድስቱም ምራቃቸው ይዝረበረብ ጀመር፣ ምላሳቸው ተላጠ፣ ጡታቸው ቆሰለ። 16 ሊትር የምትሰጠኝ ላም ወደ ሦስት ሊትር ወርዳ በዚያ ዓመት ወደ ቀድሞው አልተመለሰችም። አንዲት ጥጃ በጠዋት ቆማ ጠብታ ማታ ሞታ አገኘኋት። ከስድስቱ አንዷም አልሞተችም፣ የሰባት ወር ገቢዬ ግን ሞተ። ልጆቼን የማስተምረው በዚያ ወተት ነው።

የአገር ከብት አፍተግርን ታግሦ ይነሣል ይባላል፤ እውነት ነው፣ የተዳቀለ ግን አይችለውም። ለሁለቱ ጥገቶችሽ አንደኛ መሆን ያለበት እሱ ነው እላለሁ። አስተውይ፣ አንድ መርፌ አይበቃም። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ አንድ ወር፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ። አገራችን ውስጥ ኦ፣ ኤ፣ ሳት 2 የሚባሉ ዓይነቶች ስላሉ፣ አንዱ ደግሞ ለሌላው ስለማይከላከል፣ የምትወስጂው ክትባት የትኞቹን እንደያዘ ጠይቂ። እኔ የምወስደው ሦስቱንም የያዘውን ከቢሾፍቱ የሚመጣውን ነው።


ፎገሬው (ሚያዝያ 11)

እኔ ወረታ አጠገብ ነኝ፣ የጉማራ ውሃ ማሳችን ድረስ ይመጣል። ወንድሜ ስለ አፍተግር የተናገርከው ልክ ነው፣ ግን ለላም ብቻ አደረግኸው። የበሬ ሰኮና ሰኔ 10 ላይ ቢቆስል ምን ይሆናል? ሳይሞት ይድናል፣ አዎ፣ በሐምሌ ማብቂያ። እስከዚያ ማሳው ጦሙን ያድራል፣ ወይ ጥንድ በሬ ትከራያለህ። ስለዚህ ለጥገቶቹ ብቻ ሳይሆን ለሁለቱ በሬዎችም አስወጊ እህቴ። አራት ከብት ነው፤ ይቻላል።

ሌላው፣ ክትባት የሌለውን አትርሺ። ባሕር ሸሽ ላይ የዋለ ከብት የጉበት ትል ሳይይዘው አይቀርም፤ ቀንድ አውጣው እዚያ ረግረጉ ላይ ነው ያለው። ከብቱ ከስቶ፣ መንጋጋው ሥር ውሃ ቋጥሮ፣ ዓይኑ ነጭ ሆኖ ለክትባት ብታቀርቢው መርፌው ከንቱ ነው፣ ደም የሌለው ሰውነት ከምን አምጥቶ መከላከያ ይሠራል? እኛ ክትባቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የትል መድኃኒት እንሰጣለን። አልቤንዳዞል ከሆነ ገና በፀነሰች ላም አይሰጥም፣ የጎለመሰውን ትል እንጂ ታናሹን አይገድልም፤ እሱንም ልብ በይ። ገንዲ የሚባለው የደም በሽታም ክትባት የለውም። ቆላ ዝንብ ስለሌለን አይደርስብንም የሚል አለ፤ የእኛው ተራ ነካሽ ዝንብ በአፉ ደም ይዞ ያዛምተዋል። እየከሳ የሚሄድ፣ ዓይኑ የሚያነባ ከብት ካለሽ አስመርምሪ እንጂ በግምት አታስወጊ።


ባለ አይስ ቦክሱ (ሚያዝያ 11)

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አፍተግርን ያለፍኩት በሥራ ዘመኔ ለገበሬ ከብት በቀላሉ የሚደርስ ክትባት ስላልነበረ ነው፤ ልማድ ሆኖብኛል። የበሬዎቹ ነገር ከእኔ ሊወጣ ይገባ ነበር። አራቱን አስመዝግቢ ልጄ።

እርጉዟ። ስምንት ወር ከሆናት በአጥር ተገፍታ፣ ተይዛ፣ ስትፈራገጥ የሚደርስባት ከመርፌው ይብሳል። ግንቦት ላይ ልትወልድ ነው። እስክትወልድ ተያት፤ ከወለደች ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ትከተብ። እስከዚያ ባሕር ሸሽ አትላኪያት፣ ከጥገቶቹ ጋር ቤት ትዋል። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ግን ላሞቹን ሳያረግዙ ወይም እርግዝናው ሳይገፋ አስከትቢ፤ የተከተበች እናት መከላከያዋን በእንገሩ ለጥጃዋ ታጠባለች። በዚያው ምክንያት የተከተበች እናት ጥጃ ለጉርብርብ እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ካልተከተበች የተወለደው ግን ቶሎ ቢሰጠው ይሻላል። አራቱ ጥጆችሽ እናቶቻቸው ይህን ክትባት መውሰዳቸውን አታውቂም። እኔ ብሆን ስድስት ወር አልጠብቅም።

እናትሽን በተመለከተ። «ወተት ያደርቃል» የሚሉት ከምንም ተነሥተው አይደለም። ከጉርብርብ ክትባት በኋላ ለጥቂት ቀን ወተት ይቀንሳል፤ በተዳቀሉት ላይ መርፌው የገባበት ቦታ ያብጣል፣ አልፎ አልፎ ቆዳቸው ላይ ትንንሽ እብጠት ይወጣና ይጠፋል። ይህን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ከተነገራቸው በኋላ ሲያዩት አይደነግጡም፤ ተደብቆባቸው ካዩት ግን ሁለተኛ መርፌ አያስነኩም።

ክትባት ይሠራል ወይ ካሉሽ ደግሞ ስለ ደስታ ጠይቂያቸው። በ1880 ዓ.ም. ገብቶ የኢትዮጵያን ከብት ጠራርጎ ክፉ ቀን ያመጣው፣ ሰውን በረሃብ የፈጀው ያ የከብት በሽታ። እናትሽ ስሙን ከአያቶቻቸው ሳይሰሙ አልቀሩም። እኔ በወጣትነቴ ለደስታ ስንት ሺ ከብት እንደከተብኩ ቁጥሩን አላስታውሰውም፤ ትከሻዬ ያስታውሰዋል። በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ። ዛሬ ለደስታ የሚከተብ ከብት የለም፤ በሽታው ራሱ የለምና። ያን ዜና በሬዲዮ የሰማሁ ቀን ተነሥቼ ቆሜያለሁ።

አሁን አይስ ቦክሱ፣ ክትባቱ የሚያዝበት የበረዶ ሳጥን። ክትባቱ ቢሾፍቱ ከብሔራዊው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ተነሥቶ ባሕር ዳር እስኪደርስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። እዚያ ድረስ ቀዝቅዞ መጥቶ የመጨረሻዋ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ሲበላሽ አይቻለሁ። ባለሙያው ሲመጣ በትሕትና «በረዶውን ልየው» በይው። ጥሩ ባለሙያ አይቀየምም፣ ደስ ይለዋል። ሙቶቹ ክትባቶች፣ አባ ጎርባና ጎሮርሳ፣ በረዶ ሆነው ከቀለጡ አይሠሩም፤ ከበረዶው ጋር ተጣብቀው ሳይሆን በጨርቅ ተለይተው መቀመጥ አለባቸው። የጉርብርቡ ደረቅ ዱቄት ነው፣ በውሃው ከተበጠበጠ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፣ ፀሐይም አይየው። አንድ ጠርሙስ ደግሞ ለብዙ ከብት ነው የሚሠራው። ለ14 ከብት ከከፈትሽው የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ ጎረቤት ሰብስቢ! ይህ ለጠርሙሱ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ከብቶችሽ የሚውሉት ከጎረቤት ከብት ጋር ነው፣ ያንዱን ደም የነካ ዝንብ ሌላው ላይ ያርፋል።

በመርፌም ነገር ጨክኚ። በአንድ መርፌ መንጋ ሙሉ የሚወጋ ሰው ገንዲውንም ጉርብርቡንም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተከለ ነው። ለየከብቱ መርፌ ይቀየር።

ቀኑን በሬ በማይጠመድበት ቀን አድርጊው። ባለቤቱም ቤቱ ይገኛል፣ የተወጋ በሬም በማግስቱ ያርፍ።


የሮቢቷ (ሚያዝያ 13)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ደስታ ያሉትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አያቷ «ያን ጊዜ በሬ አልቆ ሰው እርፍ በገዛ ጫንቃው ጎተተ» ይሏት እንደነበር ነገረችን፤ ይህን ከዚያ በፊት አንድም ቀን አንሥታልን አታውቅም። ከዚያ በኋላ «ወተቱን ራሴ እለካለሁ» አለች። ፈቀደች ማለት ነው።

ወንድሜ ፎገሬው፣ የትሉን መድኃኒት ዛሬ ሰጠን። ለእርጉዟና በቅርብ ኮርማ ላጠቃት ላም አልሰጠንም።


ወተት ቀበሌ 14 (ሚያዝያ 13)

እናትሽ ያሉት ይደረግ። የወተቱን ልክ ከክትባቱ በፊት ከነበሩት ሦስት ቀናት ጀምረው ይጻፉት፤ ያለበለዚያ የምታወዳድሩበት አይኖራችሁም። ደግሞ የሚያልበው ሰው ከሌላ ቤት የሚመጣ ከሆነ በራፍሽ ላይ የራሱ ቦቲ ጫማና ሳሙና ይቀመጥለት። እኔ ይህን ለማወቅ የከፈልኩትን አንቺ አትክፈዪ።


የሮቢቷ (ግንቦት 14)

የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባና ጎሮርሳ ሚያዝያ 23 በጊዮርጊስ ዕለት ተሰጡ፤ የቆዳ ጉርብርቡ ደግሞ ከትናንት በስቲያ በሚካኤል። ለሁለተኛው ዘጠኝ አባወራ ሰበሰብኩ፣ 87 ከብት ወጣ። ሐይቁ ዳር ካለችው ዋርካ አጠገብ ከባሕር ዛፍ አጣና ጠባብ መተላለፊያ ሠራን፤ ጎረቤቶቼ በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። ባለሙያው ሲመጣ በረዶውን ልየው አልኩት። ትንሽ ደንገጥ አለ፣ ከዚያ ከፈተልኝ፤ ጠርሙሶቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ነበር። «እስከ ዛሬ አሳየኝ ያለኝ ሰው የለም» አለኝ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጠርሙስ ሲያወጣ ስሙን ጮክ ብሎ እየጠራ ያሳየን ጀመር።

ያስቸገረው መርፌው ነበር። 87 መርፌ አልነበረውም። እኔ ከባሕር ዳር ለራሴ የገዛሁት 20 ብቻ ነው። የቀረውን እየለዋወጥን በፈላ ውሃ ቀቀልን፤ ሁለት ሰዓት አስረዘመብን፣ አንዳንዶቹ አጉረመረሙ። አንድ ጎረቤቴ «በአንዱ ጨርሰውና እንሂድ» ሲል እናቴ ናት የመለሰችለት፤ ምን እንዳለችው ባልጽፈው ይሻላል፣ ግን ቆመና ውሃውን ማፍላት ያዘ።

ወተቱ እንዲህ ሆነ፦ ዳለቻ የምንላት ከክትባቱ በፊት በቀን ዘጠኝ ሊትር ነበረች፤ ትናንት ስምንት፣ ዛሬ ጠዋትና ማታ ተደምሮ ስምንት ከሩብ። ሁለተኛዋ ምንም አልቀነሰችም፣ አንገቷ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት አላት። እናቴ በየቀኑ በጣቷ ትዳስሳታለች።

እርጉዟ ግንቦት 6 ወለደች፣ ወንድ ጥጃ ነው። ከወለደች ሦስት ሳምንት ሲሞላት፣ ግንቦት መጨረሻ አካባቢ፣ እሷን ለብቻዋ አስከትባለሁ፤ እስከዚያ ከበረት አትወጣም።

ደብተር ገዛሁ። ለየከብቱ አንድ ገጽ፦ ስሙ፣ ዕድሜው፣ የተሰጠው ክትባት፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር፣ ቀኑ፣ የሚቀጥለው ቀን። የመጀመሪያውን ገጽ ለሻሽ ሰጠኋት። እንዴት እንደሞተችና በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሞተች ጻፍኩበት፤ ምናልባት ወንድሞቼ ከእኔ በኋላ ከብቱን ቢይዙ እንዲያነቡት።

የቀረው አፍተግር ነው። ለአራቱ አስመዝግቤያለሁ፤ ክትባቱ ሲገባ ይደውሉልኛል ተብሏል። አራት ከብት ለአንድ ጠርሙስ ጥቂት ስለሆነ፣ ከሮቢት፣ ከዘንዘልማ ወይም ከሐሙሲት በኩል የተዳቀለች ላም ወይም የእርሻ በሬ ያላችሁ አብረን እንድንከፍት እዚሁ ጻፉልኝ። የመጀመሪያውን መርፌ በወሰድን በወሩ ሁለተኛውን እንድንደግም ከአሁኑ ቃል የሚገባ ሰው ነው የምፈልገው።


ፎገሬው (ግንቦት 14)

የእኔ አጎት ሐሙሲት አራት በሬና አንድ የተዳቀለች አለው። ነገ ጠይቄ እጽፍልሻለሁ። ሁለተኛውንም መርፌ ይገባል፣ እኔ ራሴ እቆምበታለሁ።